የፈጠም ማዶ እህል

እኛ ስናኖች ከጮቄ ተራራ ሥር ተወልደን ከጮቄ ተራራ ሥር የምንቀበር ሰዎች ነን። ርቀን ብንሄድ ደብረ ማርቆስ ገበያ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ወይ ሙግት አለበት ወይ ለይቶለታል ይባላል። እኔ በጠላት ዘመን አንድ ጊዜ እስከ ቡሬ አገር ሄጄ ተመልሻለሁ። ጎረቤቶቼ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል፤ ስነግራቸው ደግሞ ግማሹን አያምኑኝም። ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። አባቴ ቄስ ስለ ነበሩ ከወንድሞቼ ጋር ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ለእጄ ግን ዛሬም ከብዕር እንዝርት ይቀለዋል።

የሄድኩበት ጉዳይ አንድ ነው። ታናሽ እህቴ የሺ ቡሬ አጠገብ፣ ዋርካ ሚካኤል በሚባል ደብር ተድራ ነበር። ባሏ ከጠላት በፊት በግጦሽ መሬት ተጣልቶ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው ገደለ። እርቅ ሳይወርድ ጠላት ገባና እሱም ዘምቶ ሞተ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የሺን ወባ ወሰዳት። የቀረው ልጃቸው ታከለ ነው፤ ሃያ ዓመት የሞላው ጎልማሳ። አባት ሲሞት ደሙ በልጅ ላይ ይወድቃልና የማዶ ሰዎች አሁን የሚጠብቁት እሱን ነው የሚል ወሬ አንድ የጨው ነጋዴ አመጣልኝ።

እኔ አልወለድኩም። ወንድሞቼም አልቀዋል፤ ከአባቴ ቤት የቀረልኝ ታከለ ብቻ ነው። ሳይገድሉት ይዤው ልመጣ ቆረጥኩ። የኛን ብርድ አይችለውም ብዬም ክረምቱን ሙሉ የፈተልኩትን ሱፍ ለሸማኔ ሰጥቼ ባና አሠራሁለት፤ ወፍራም፣ ሁለት ሰው የሚያለብስ።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣሁ። ባናውን በጀርባዬ፣ በሶውን በስልቻ፣ ቆሎውን በመቀነቴ አድርጌ ማርቆስ ዳር የአክስቴ ልጅ ቤት ደረስኩ። ጉዳዬን ስነግራት ሳቋ አላባራ አለ።

«ደመኛ ወዳለበት አገር፣ በጠላት መንገድ፣ ብቻሽን? የኔ እህት፣ ሰው ለመሞት ይህን ያህል አይደክምም።»

ሆኖም እሑድ አስቀድሰን ስንመለስ እግሬን ቅቤ ቀባችልኝና የሚያዋጣኝን ምክር ሰጠችኝ። «ወዴት ነው ቢሉሽ ግሽ ዓባይ ለጠበል በይ። ባንዳም ቢሆን የክርስቲያን ልጅ ነው፣ ጠበልተኛ አይመልስም።»

ሰኞ የጠላትን መንገድ አየሁ። እውነቱን ልናገርና፣ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። እኛ ዘንድ መንገድ ማለት ፍየል የሄደችበት ነው። ይኸኛው ግን ኮረብታውን ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል። ካሚዮን የሚሉት መኪና ሲመጣ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ እኔም በጎኔ ወደ ቦዩ እገባለሁ። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ቦይ እንደ ገባሁ አልቆጠርኩም፤ ቀሚሴ ግን ያውቀዋል።

ከአማኑኤል ወዲያ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አርበኛ አሳድራችኋል ተብለው የተቃጠሉ መንደሮች ናቸው። ግድግዳ የለ፣ ጣራ የለ፣ ውሻ የለ። ወፍጮ ድንጋዮቹ ብቻ በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ማን ምን ይፈጭባቸዋል? ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኑጉ በየማሳው ቢጫ አብቦ፣ የሚያየው የለም። ዓለም አልቃ እኔ ብቻ ተረስቼ የቀረሁ መሰለኝና ድምፄን ለመስማት ብዬ ከራሴ ጋር አወራሁ። ከዚያ መካከል ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ከግማሽ ጣራ ሥር ብቅ አሉ። ለነሱ የማይበቃ የተቀቀለ ባቄላ አካፈሉኝ። አዛውንቱ «በስናን ጣራ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ ስላቸው ለሚስታቸው ዞረው «አለ አለች እኮ» አሏቸው፣ እንደ ትልቅ ወሬ።

ማክሰኞ ደምበጫ ኬላ ላይ አንድ ባንዳ ያዘኝ። ጠበሉን ነገርኩት። ስልቻዬን ፈትቶ በሶውን በጣቱ ቀመሰና «የማን ገብስ ነው?» አለ። የስናን ነው አልኩት። «እናቴ የዚያ አገር ሰው ነበረች» ብሎ ስልቻውን አስሮ መለሰልኝ፤ ፊቱን ግን አዙሮ ነው። ልረግመው አስቤ የነበረውን ትቼ ሄድኩ።

ረቡዕ የተምጫን ውኃ ስሻገር አድጦኝ ወደቅሁ። ባናውን ከራሴ በላይ አንሥቼ አዳንኩት፤ በሶው ግን ሊጥ ሆነ። ጅጋ ስደርስ ገበያው ከሰው ይልቅ ወታደር ይበዛበታል። አንዲት ጠላ ሻጭ የሊጡን ስልቻ አይታ «ውኃ ያቦካውን እሳት ያስተካክለዋል» አለችና በምጣድ ቂጣ አድርጋ ጋገረችልኝ፤ እዚያው ማደሪያም ሰጠችኝ። የዚያን አገር ነገር የነገረችኝም እሷ ናት።

«ከወጀት ወዲያ ያለው እንዳንቺ አገር አይምሰልሽ» አለችኝ። «እያንዳንዱ ደብር ለራሱ ንጉሥ ነው። ገበያው ለብቻ፣ አለቃው ለብቻ፣ ወንዙ ላይ ዘበኛ ያቆማል። ዋርካ ሚካኤልና ሰንበሌጥ ማርያም በፈጠም ወንዝ ተለያይተው አንዱ በሌላው ውኃ አይጠጣም። ጠላት መጥቶ እንኳ ለየብቻ ይዋጉታል እንጂ አልተስማሙም። ጠላትም ይህን ያውቃል፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ያቃጥላል። አንቺ ታዲያ በሰንበሌጥ በኩል እንዳታልፊ። ዋናውን መንገድ ይዘሽ በድልድዩ ተሻገሪ።»

እኛ ስናን ላይ ሁለት ደብር ቢጣላ በማኅበር ጠላ ይታረቃል። ሰምቼ ተደነቅሁ፤ ምክሩንም በልቤ ያዝኩ።

ኀሙስ በጠዋት ወጀትን አለፍኩ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የሚሏት ናት፤ ያኔ የሰላም መንገድ የሚያሰኝ ምንም አልነበረባትም። ከቀትር በኋላ ከፊቴ ብዙ ካሚዮን አቧራ እያስነሣ መጣ። ወታደሮቹ ሲተኩሱ ሰማሁና በሁለት እጄ ባናዬን አቅፌ ኑግ ማሳ ውስጥ ገባሁ። ኑጉ ከኔ ይረዝማል። መኪናው ካለፈ በኋላ ተነሥቼ ብሄድ ብሄድ መንገዱ ጠፋኝ። ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ ይሏል ይህ ነው። ጫማ የማያውቀው እግሬም በኮረኮንች ተሰነጣጥቆ ደም ያወጣ ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ያገኘሁት ደጅ ላይ «ቤቶች» ብዬ ቆምኩ።

አንዲት አሮጊት ወጡ። እትየ ጥሩ ይባላሉ። የማን ነሽ ሳይሉ እጄን ይዘው አስገቡኝና ከቤቱ አንድ ጥግ ባለ ንጹሕ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። በገበቴ የሞቀ ውኃ አምጥተው ዝቅ ብለው እግሬን ያጥቡ ጀመር። እንቢ ብል አልሰሙኝም።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከስናን ነኝ እትየ።»

«አቤት ርቀት። ወዴት ነው?»

የጠበሉን ውሸት ለኚህ ሴት መንገር አፈርኩ። «ዋርካ ሚካኤል። የእህቴ ልጅ አለ፤ ታከለ ይባላል፣ የየሺ ልጅ። ደመኛ አለበት ብለውኝ ይዤው ልሄድ ነው።»

እጃቸው ውኃው ውስጥ ቆመ። ድካም ይዟቸው መሰለኝ። ጥቂት ቆይተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠቡ፤ ቁስሉን አበሱ፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁልኝ። ከዚያ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ፣ አሬራ በቅል አቀረቡልኝ። የኛ አገር የገብስ እንጀራ ሻካራ ነው፤ ያን ጥቁር እንጀራ እንዴት እንደ ወደድኩት! አፌን እየሞላሁ ስለ ታከለ አወራሁ፣ ስለ ባናው፣ ስለ እህቴ። እሳቸው ቆመው ያዩኛል።

«ጠገብሽ?» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እንግዲያ ልንገርሽ። ይህ ሰንበሌጥ ማርያም ነው። የተቀመጥሽበት መደብ የልጄ የአንዳርጌ ነው። የእህትሽ ባል የገደለው እሱን ነው።»

ከመደቡ ልነሣ አልኩና ባዶውን ቅል አየሁ። ደመኛ ከደመኛ ቤት እህል አይቀምስም፤ ይህን ስናንም ላይ ሕፃን ያውቀዋል። «ቀድመው ምነው ባልነገሩኝ» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ትበዪ ነበር?»

«አልበላም ነበር።»

«እግርሽ ደምቶ ነበር» አሉና ቅሉን አንሥተው ሄዱ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ የአንዳርጌ አጎት ግራዝማች አየነው ጠመንጃቸውን እንደ ያዙ ገቡ። የሰንበሌጥ ማርያም ሰው ሁሉ የሚያዝላቸው እሳቸው ናቸው፤ የአንዳርጌን ደም ልመልስ ብለው የማሉትም እሳቸው። አይተውኝ ማንነቴን ጠየቁ። እትየ ጥሩ አልሸሸጉም።

«የገዳይ ዘመድ በአንዳርጌ መደብ ላይ?» አሉ ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከመጮህ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

«አስቀምጫለሁ። አብልቻለሁም።»

ግራዝማች «ተነሽ» አሉኝ። መሞቴ ነው ብዬ ባናውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። እስከ ፈጠም መሻገሪያ ወሰዱኝ። ውኃው ዳር ሲደርሱ ቆሙ። «እህላችንን በልተሻልና እስከ ድንበር ሸኝቼሻለሁ። ለልጁ ንገሪው፤ እሱ አልበላም።»

ከወንዙ ስወጣ ጭስ ሸተተኝ። ከቡሬ ምሽግ የመጡ የጠላት ወታደሮች በዚያው ማለዳ ዋርካ ሚካኤልን አቃጥለዋል። ሰዉ ሁሉ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰብስቧል። ሦስት ቄሶች ታቦቱን በመጎናጸፊያ ሸፍነው ይዘው ቆመዋል፤ አንደኛው ቅንድቡ ተቃጥሏል። የእህቴን ግንባር በአንድ ጎልማሳ ፊት ላይ አየሁና ሳልጠይቅ ሄጄ አቀፍኩት። ታከለ ነው። ጥላሸት ለብሷል። በሚነደው ጣራ ሥር ከቄሶቹ ጋር የገባው እሱ ነበር።

«አሁኑኑ እንሂድ» አልኩት።

«አክስቴ፣ ታቦት ዋርካ ሥር ቆሞ እኔ ወዴት እሄዳለሁ?»

የደብሩ ሽማግሌ መሪጌታ ስምረት ምክር ይዘው ነበር። ቤቱ የፈረሰበት ታቦት ሌላ ደብር ገብቶ ደባል ሆኖ ይቀመጣል፤ ሕጉ ነው። በአካባቢው ሳይቃጠል የቀረ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ሰንበሌጥ ማርያም። ማን ተሻግሮ ይለምናል? የሚላክ ሽማግሌ ወንዙ ላይ ይገደላል እየተባለ ሲጨነቁ መሪጌታ ወደኔ ዞረው በየት በኩል እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ያደርኩበትን ነገርኳቸው። በአጠገቤ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ።

«የደም እህል በላሽ?» አለች አንዷ።

መሪጌታ ግን ቀረብ አሉኝ። «እግርሽንስ ማን አጠበሽ?»

«ራሳቸው።»

«ማን መሆንሽን ሳያውቁ?»

«አውቀው።»

መሪጌታ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «እንግዲያ በሩን ከፍተውታል፤ ያልገባነው እኛ ነን። ታከለ፣ ድንጋይህን ፈልግ።»

የገዳይ ወገን ለእርቅ ሲሄድ ድንጋይ በአንገቱ ይሸከማል። ይህን ስሰማ ያለ የሌለ ነገር ተናገርኩ። መሪጌታን በነፍስ ገዳይነት ከሰስኩ። ታከለን ግራዝማች ያሉትን ነገርኩት፤ ባናውን ዘርግቼ አሳየሁት፤ ለመንኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ስናን ብሄድ ደሙም አብሮኝ ይሄዳል» አለኝ። እልሁ የእህቴ ነው፤ የማላሸንፈው መሆኑን አወቅሁ።

ቅዳሜ የሆነውን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ታቦቱ በቄሱ ራስ ላይ፣ ቃጭሉ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆኖ ወደ ፈጠም ወረድን። ታከለ መጨረሻ ላይ ነው፤ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን መሠረት ድንጋይ በገመድ አስሮ በአንገቱ አንጠልጥሏል። እኔ ከጎኑ ነኝ። ማዶ ሰንበሌጡ ሣር ውስጥ የጠመንጃ አፈሙዝ ተደርድሮ ይታየኛል። ግራዝማች ከፊት ቆመዋል።

ቄሱ እግራቸውን ውኃው ውስጥ አገቡ። ቃጭሉ ተሰማ። ያኔ ማዶ ያለው ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ተንበረከከ። ግራዝማችም ተንበረከኩ። ማንም አላዘዘ። እልልታው ከዚያኛው ዳር ተነሣና ከኛ ሴቶች እልልታ ጋር ውኃው ላይ ተገናኘ። እኔ ብዙ ጥምቀት አይቻለሁ፤ ታቦት ግን ጦር ሲያስቀምጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታቦቱ አልፎ ታከለ ከውኃው ሲወጣ ግራዝማች ተነሡ። እጃቸው ወደ ጠመንጃው ተመለሰ። እኔ ከፊቱ ልቆም ስሮጥ እትየ ጥሩ ቀደሙኝ። ታከለ እግራቸው ሥር ተደፋ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሊያግዟቸው የተነሡትን በዓይናቸው መለሱ። እየተንገዳገዱ ከአንገቱ አውርደው መሬት አስቀመጡትና እስኪተነፍሱ ድረስ ቆዩ።

«ከባድ ነው» አሉት። «እኔም ተሸክሜው ኖሬያለሁ።»

ከዚያ በፈጠም ውኃ እግሩን አጠቡት። ከመሶባቸው የዳጉሳ እንጀራ ቆርሰው አጎረሱት፤ እያለቀሰ ዋጠ። እትየ ጥሩ ወደ ግራዝማች ዞሩ። «አሁን እሱም በልቷል» አሏቸው።

ግራዝማች ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ከጥቂት በኋላ ሲመለሱ የተናገሩት ለመሪጌታ ነው። «ያቃጠሏችሁ ወታደሮች ሰኞ በመንገዱ ይመለሳሉ። ከናንተ ስንት ተኳሽ አለ?»

እሑድ ሁለቱ ታቦቶች ባንድ ጣራ ሥር ተቀደሰባቸው። ቤቱ አይበቃም፤ ሰዉ እስከ ቅጥሩ ቆሟል። ትናንት አንዱ ካንዱ ውኃ የማይጠጣ ሕዝብ ከአንድ ማሰሮ ጠበል ይቀበላል። ከቅዳሴ በኋላ እትየ ጥሩ ቤት ሄድን። ከእርቅ በኋላ የገዳይ ልጅ ለሟች እናት እንደ ልጅ ይሆናል፤ ያ አገር ነገሩን የሚጨርሰው እንዲህ ነው። እሳቸው ግን አላስገደዱኝም።

«ልትወስጂው ነው የመጣሽው» አሉኝ። «ብትወስጂውም አልቀየምም። ጤፌ ግን ሳይታጨድ ቆሟል።»

ወጥቼ ጤፉን አየሁት። ደርሶ ተኝቷል። አንዳርጌ ከሞተ ጀምሮ ጎረቤት ከራሱ ሥራ በተረፈው ጊዜ ነው የሚያርስላቸው። ተመልሼ ገባሁና ባናዬን ፈትቼ የአንዳርጌ መደብ ላይ አነጠፍኩት። ታከለ አየኝ። እትየ ጥሩ የባናውን ጫፍ አስተካከሉ። ሐሳቤን እንዳልለውጥ ፈርቼ ቶሎ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ሰኞ ማለዳ የዋርካና የሰንበሌጥ ሰዎች በአንድ ሰልፍ ወደ መንገዱ ሲወርዱ ከኮረብታ ላይ ሆኜ አየሁ። ማን የማን እንደ ሆነ መለየት አልቻልኩም። ተኩሱ እስከ ቀትር ቆየ። እኛ ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠን፣ ዋርካዋም ሰንበሌጧም፣ የማንኛችንንም ልጅ ስም ሳንለይ ስንጸልይ ዋልን። ከቀትር በኋላ ታከለ መጣ፤ እግራቸውን የቆሰሉትን ግራዝማች አየነውን በጀርባው አዝሎ። ግራዝማች አዩኝና «ይከብደኛል ይላል» አሉኝ። ሲቀልዱ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ያን ቀን የሞቱትን ሁለቱ ደብሮች አንድ ላይ ቀበሩ። ጠላት አገር እስኪለቅ ድረስም ያ ወንዝ ዘበኛ አልቆመበትም።

የተመለስኩበትን መንገድ አላስረዝምም። ጅጋ ያቺ ጠላ ሻጭ ባናው ከጀርባዬ አለመኖሩን አይታ ታከለ የሞተ መስሏት አለቀሰች፤ እስካስረዳት ድረስ ጠላው ፈሰሰ። ለባንዳውም ጠበሉ ሠራልሽ ወይ ሲለኝ ሠራልኝ አልኩት፣ አልዋሸሁም።

ስናን ስደርስ ብርዱ እንደ ድሮው ነው። ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከኋላዬ ሰው ብትፈልግ አጣች።

«ልጁስ?» አለችኝ።

«እናቱ ዘንድ ነው።»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «የሺ ሞታ የለም እንዴ?»

«ሞታለች» አልኳትና እሳት ላቀጣጥል ገባሁ።